የኩላሊት ኦርጋኖይድ

የኩላሊት ኦርጋኖይድ ማለት ከግንደ ህዋስ ተነስቶ በላብራቶሪ ውስጥ የሚያድግ፣ ከጥቂት ሚሊሜትር የማይበልጥ የኩላሊት ህብረህዋስ ነው። በዜና ብዙ ጊዜ «ትንሿ ኩላሊት» ይባላል። ስሙ ግን ሊያሳስት ይችላል። ኦርጋኖይዱ ሽንት አያስወጣም፤ ከፊኛ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ የለውም፤ በታካሚ ላይ ለመተከልም ገና አልደረሰም። በውስጡ ያለው ደም የሚያጣሩት የኔፍሮኖች የመጀመሪያ ቅርጽ ነው። ህዋሶቹ የሚቀመጡበት ለስላሳ ቁስ፣ ማለትም ባዮማቴሪያሉ፣ ኔፍሮኖቹ ምን ያህል እንደሚበስሉ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ኔፍሮን ለምን አይተካም

የአንድ አዋቂ ሰው ኩላሊት 150 ግራም ገደማ ይመዝናል። በውስጡ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ኔፍሮኖች አሉ፤ ቁጥሩ ከሰው ሰው በብዙ እጥፍ ይለያያል። እያንዳንዱ ኔፍሮን ግሎሜሩለስ በሚባል፣ እንደ ክር ድብልብል በተጠቀለለ የቀጫጭን ደም ሥሮች ስብስብ ይጀምራል። ደሙ በዚያ ሲያልፍ ውሃና ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ተጣርተው ወደ ጠመዝማዛ ቱቦ ይገባሉ። ቱቦው ሰውነት የሚፈልገውን ውሃ፣ ጨውና ስኳር ወደ ደም ይመልሳል፤ የቀረው ሽንት ይሆናል። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራሉ፤ የሚወጣው ሽንት ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ የኩላሊት ትልቁ ሥራ ማጣራቱ ሳይሆን መመለሱ ነው ማለት ይቻላል።

ኔፍሮኖች የሚሠሩት በፅንስነት ጊዜ ነው። በእርግዝናው 36ኛ ሳምንት ገደማ አዲስ ኔፍሮን መሥራት ያቆማል። ጉበት ተቆርጦ ሲቀር መልሶ ያድጋል፤ የኩላሊት ግን እንዲህ አይደለም። የተጎዳ ቱቦ በመጠኑ ራሱን ሊጠግን ቢችልም፣ ሙሉ በሙሉ የሞተ ኔፍሮን አይተካም። የቀሩት ኔፍሮኖች ገዘፍ ብለው የሞቱትን ሥራ ደርበው ይሸከማሉ። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ኔፍሮኖችን ቀስ በቀስ ሲጨርሱ ሕመምተኛው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። የድካምና የእብጠት ምልክት ሲመጣ ብዙው ኔፍሮን አልቋል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዋና መንገዶች የኩላሊት እጥበትና ንቅለ ተከላ ናቸው። እጥበት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሰዓታት ከማሽን ጋር መያያዝን ይጠይቃል። ማሽኑ ያጣራል እንጂ ቱቦዎቹ የሚሠሩትን ረቂቅ የመመለስ ሥራ አይተካም። ንቅለ ተከላ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ለጋሽ ያስፈልጋል፣ የሰውነት መከላከያ አዲሱን ኩላሊት እንዳያጠቃውም ታካሚው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይወስዳል። ከራሱ ከታካሚው ህዋስ ህብረህዋስ ማብቀል የሚለው ሐሳብ የሳበው ይህን ሁለቱንም ችግር ስለሚነካ ነው።

ከቆዳ ህዋስ ወደ ኔፍሮን

ግንደ ህዋስ ማለት ራሱን እያባዛ የሚቆይና ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ የሚችል ህዋስ ነው። በ1998 አሜሪካዊው ጄምስ ቶምሰንና ባልደረቦቹ ወደ ማንኛውም የሰውነት ክፍል ሊለወጡ የሚችሉ ህዋሶችን ከሰው ፅንስ ለይተው አሳደጉ። ፅንስ መጠቀሙ ግን ብርቱ የሥነ ምግባር ክርክር አስነሳ። በ2006 የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሺንያ ያማናካ ከካዙቶሺ ታካሃሺ ጋር ሌላ መንገድ አሳየ። አራት ዘረመሎችን ወደ አይጥ የቆዳ ህዋስ በማስገባት ህዋሱን ወደ ፅንስ መሰል ሁኔታ መለሱት። በቀጣዩ ዓመት በሰው ህዋስ ላይም ተሳካ። ያማናካ ለዚህ ሥራ በ2012 ከብሪታንያዊው ጆን ጉርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

በጌዴኦ እንሰት የሚያባዛ ገበሬ ለዚህ ቀረብ ያለ ነገር ያውቃል። እንሰቱ ተቆርጦ፣ ከመሬት በታች ያለው አምቾ መሐል ላይ ያለው ዋና የእድገት ነጥብ ተነቅሎ ሲወጣና ፍግ ባለው አፈር ሲቀበር፣ አንድ ተክል ይሆን የነበረው ነገር ብዙ ችግኝ ያወጣል። የበሰለው ክፍል እንደገና ጀማሪ ይሆናል። ልዩነቱ አምቾ ይህን ችሎታ ከተፈጥሮው ይዞት የቆየ መሆኑ ነው። የሰው የቆዳ ህዋስ ግን በራሱ አይመለስም፤ በአራቱ ዘረመሎች ተገፍቶ ነው። ደግሞም የእንሰት ችግኝ እንሰት ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም፤ ወደ ኋላ የተመለሰ የሰው ህዋስ ግን ልብም፣ ነርቭም፣ አጥንትም ሊሆን ስለሚችል ወደ ኩላሊት መመራት አለበት።

መንገዱ የሚቀዳው ከፅንሱ ነው። ኩላሊት የሚፈጠረው መካከለኛ ሜሶደርም ከሚባለው የፅንስ ክፍል ሲሆን፣ ሁለት ወገኖች እየተነጋገሩ ይገነቡታል። አንደኛው እንደ እንቡጥ የሚያድግና ቅርንጫፍ የሚያወጣ ቱቦ ነው፤ በኋላ ሽንት ሰብሳቢ ቱቦዎችን ይሠራል። ሁለተኛው በእንቡጡ ዙሪያ የሚከማች ህዋስ ነው፤ ከእርሱ ኔፍሮኖቹ ይወጣሉ። በ1950ዎቹ ክሊፎርድ ግሮብስታይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የአይጥ ፅንስ ህብረህዋሶችን በቀጭን ማጣሪያ ለይቶ በማስቀመጥ፣ በመካከላቸው ግድግዳ ቢኖርም አንዱ ሌላውን ቱቦ እንዲሠራ እንደሚያዝዘው አሳይቷል።

ከ2013 ጀምሮ ባሉት ሦስት ዓመታት ብዙ ቡድኖች ይህንን ቅደም ተከተል ለሰው ግንደ ህዋስ ተጠቀሙበት። በጃፓን የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲው ርዩኢቺ ኒሺናካሙራ፣ በአውስትራሊያ ሜሊሳ ሊትልና ሚኖሩ ታካሳቶ፣ በአሜሪካ ደግሞ ርዩጂ ሞሪዛኔ፣ ጆሴፍ ቦንቬንትሬና ቤንጃሚን ፍሪድማን ይጠቀሳሉ። ከሁሉ ይልቅ የተሰማው በ2015 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው የታካሳቶና የሊትል ዘዴ ነው። ግንደ ህዋሶቹ በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ለጥቂት ቀናት በአንድ ኬሚካል ይታከማሉ፤ ኬሚካሉ ወደ ሜሶደርም ይገፋቸዋል። ቀጥሎ ኤፍጂኤፍ9 የተባለ የእድገት ፕሮቲን ይሰጣቸዋል። በሰባተኛው ቀን ገደማ ይለቀሙና ወደ አንድ ጉብታ ተሰብስበው፣ ከታች ፈሳሽ ከላይ አየር ባለበት ስስ ሽፋን ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ህዋሶቹ ማንም ቅርጽ ሳያወጣላቸው ራሳቸው ይደራጃሉ። በአንድ ኦርጋኖይድ ውስጥ እስከ መቶ ገደማ ኔፍሮኖች፣ ጥቂት የደም ሥር ህዋሶችና ደጋፊ ህብረህዋስ ይገኛሉ። የዘረመል እንቅስቃሴያቸው ሲለካ የሚመሳሰለው ከአዋቂ ኩላሊት ጋር ሳይሆን በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት ካለው የፅንስ ኩላሊት ጋር ነው።

መቶ ኔፍሮን ከአንድ ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር አሥር ሺህ ጊዜ ያንሳል። ችግሩ ግን የቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።

ህዋሱ የሚተኛበት ቁስ

ባዮማቴሪያል ማለት ከሕያው ህዋስ ጋር ተነካክቶ እንዲሠራ ተብሎ የተዘጋጀ ቁስ ነው። በሰውነት ውስጥ ህዋስ በባዶ ቦታ አይንሳፈፍም፤ ኮላጅንና ላሚኒን በመሳሰሉ ፕሮቲኖች በተሠራ መረብ ላይ ተደግፎ ይኖራል። መረቡ ድጋፍ ብቻ አይደለም። ህዋሱ ይጎትተዋል፣ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ይመዝናል፣ በዚያም መሠረት የሚያበራቸውንና የሚያጠፋቸውን ዘረመሎች ይመርጣል። የላብራቶሪ ፕላስቲክ ሳህን ከኩላሊት ህብረህዋስ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ጠንካራ ነው። ለህዋሱ ከፍራሽ ወደ አለት እንደመዛወር ነው።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ሃይድሮጄል ዞሩ። ሃይድሮጄል ማለት ብዙ ውሃ የያዘ የረጃጅም ሞለኪውሎች መረብ ነው። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚያወጣውን ዝልግልግ ነገር ያየ ሰው መሠረታዊውን ሐሳብ ይዟል፦ ከፍሬው የወጡ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ውሃውን ይዘው እንዳይፈስስ ያደርጉታል። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ በጠበቀ ቁጥር ጄሉ ይጠነክራል። የላብራቶሪው ጥበብ ይህን የመጥበቅ ልክ መቆጣጠር ነው።

ለረጅም ጊዜ በብዛት ያገለገለው ማትሪጄል የተባለው ምርት ነው። የሚገኘው ከአይጥ የካንሰር እጢ ሲሆን በላሚኒን የበለጸገ ነው። ህዋሶች በደንብ ያድጉበታል፤ ነገር ግን በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች በርካታ ናቸው፣ መጠናቸውም ከአንዱ ዙር ምርት ወደ ሌላው ይለያያል። ከእጢ የመጣ ነገር ይዞ ወደ ሰው አካል መግባትም አይታሰብም። በዚህ ምክንያት ጥንቅራቸው አስቀድሞ የሚታወቅ ጄሎች ይፈለጋሉ። አንዱ አልጂኔት ነው፤ ከቡናማ የባሕር አረም ይወጣል፣ ካልሲየም ሲነካውም ይረጋል። የጥርስ ሐኪም የመንጋጋን ቅርጽ ለመውሰድ አፍ ውስጥ የሚከትተው ለጥ ያለ ሊጥ ብዙ ጊዜ ይኸው አልጂኔት ነው።

በኔዘርላንድስ የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦርጋኖይዶችን በተሻሻለ አልጂኔት ውስጥ ከተቱ። ኦርጋኖይድ ብዙ ቀን ሲቆይ ጠባሳ የሚመስል ኮላጅን በውስጡ ይከማቻል፤ ይህም በታመመ ኩላሊት ላይ የሚታይ ነገር ነው። በ2021 በወጣው ውጤታቸው በጄሉ የተከበቡት ኦርጋኖይዶች ያልተለመደው የኮላጅን ክምችት ቀንሶ ተገኘ። ጄሉ መድኃኒት አልያዘም። የለወጠው የህዋሶቹን አካባቢ ነው።

በባርሴሎና የኑሪያ ሞንሰራት ቡድን በ2019 ያሳተመው ደግሞ የዶሮ እንቁላልን የተጠቀመ ነው። በማደግ ላይ ያለ የዶሮ ፅንስ በዙሪያው በደም ሥር የተሞላ ስስ ሽፋን አለው። ኦርጋኖይዱ እዚያ ላይ ሲቀመጥ የዶሮው ደም ሥሮች ገቡበት፣ ኔፍሮኖቹም ይበልጥ በሰሉ። ተመራማሪዎቹ በዚህ አልቆሙም፤ የሽፋኑን ልስላሴ ለክተው ያንኑ የሚመስል ሰው ሠራሽ ጄል አዘጋጁ። ግንደ ህዋሶቹ በለስላሳው ጄል ላይ ከጠንካራው ይልቅ ፈጥነው ወደ ኩላሊት መንገድ ገቡ። ለእኔ ከዚህ መስክ ሁሉ አሳማኙ ሙከራ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ተፈጥሮ የምታደርገውን አይቶ፣ ቀጥሎ ከውስጡ አንዷን ባሕርይ ብቻ ለይቶ ፈተነ።

ሌላው መንገድ የተፈጥሮን መረብ ራሱን መውሰድ ነው። በ2013 በቦስተን የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታሉ ሃራልድ ኦት የአይጥ ኩላሊትን በሳሙና መሰል ኬሚካል አጥቦ ህዋሶቹን ሁሉ አስወገደ። የቀረው ነጭ፣ የኩላሊት ቅርጽ ያለው ባዶ መረብ ነበር። አዲስ ህዋሶች ዘርቶበት ወደ አይጥ ሲተክለው ጥቂት፣ ጥራቱም ዝቅተኛ የሆነ ሽንት አወጣ። በሰው ኩላሊት መጠን ይህን መድገም፣ በተለይ እያንዳንዱን ህዋስ ወደ ትክክለኛ ቦታው ማድረስ፣ እስካሁን እንቅፋት ነው።

የደም ሥር እጦት

ኦክስጅን በህብረህዋስ ውስጥ ያለ ደም ሥር ሊጓዝ የሚችለው ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የጥቂት ፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ኦርጋኖይድ ከዚያ ሲወፍር መሐሉ ይታፈንና ይሞታል። ግሎሜሩለስም ራሱ የደም ሥር ድብልብል ስለሆነ፣ ደም የማይደርስበት ማጣሪያ የሚያጣራው ነገር የለውም።

በ2018 የኔዘርላንድስ የላይደን ተመራማሪዎች የሰው ኦርጋኖይዶችን ከአይጥ ኩላሊት ሽፋን ሥር ተከሉ። የአይጡ ደም ሥሮች ገብተው ከሰው ህዋስ ጋር ተያያዙ፤ ግሎሜሩለሶቹም ይበልጥ የአዋቂ መልክ ያዙ። በ2019 ደግሞ የሃርቫርድ ቡድን ያለ እንስሳ ሞከረው። በሦስት አውታረ መጠን አታሚ በተሠራ ትንሽ መስመር ውስጥ፣ ከጄላቲንና ከፋይብሪን በተሠራ ጄል ላይ ኦርጋኖይዶቹን አስቀምጦ በላያቸው ፈሳሽ በፍጥነት አሳለፈ። ከቆመው ፈሳሽ ይልቅ በሚፈስሰው ሥር ብዙ የደም ሥር ተዘረጋ። ህዋሶቹ የፈሳሹን ግፊት ተሰምቷቸው መለሱለት።

ስለ ሰብሳቢው ቱቦም ጉዳዩ ገና አላለቀም። የ2015ቱ ዘዴዎች ዋና ትኩረታቸው ኔፍሮን ነበር። ኒሺናካሙራና ባልደረቦቹ በ2017 የአይጥ ግንደ ህዋሶችን በሁለት መንገድ ለየብቻ አሳድገው አንድ ላይ ሲያደርጓቸው፣ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ቱቦና በዙሪያው ኔፍሮኖች ያሉት ነገር አገኙ። ሽንት ከመቶ ኔፍሮን ወጥቶ በአንድ በር እንዲሄድ ይህ ዓይነት የቧንቧ መስመር የግድ ነው።

ያልተጋበዙ ህዋሶች

ይህ ክፍል ለኮምፒውተር ተማሪዎች ነው። በ2018 በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ቤንጃሚን ሃምፍሪስ ቡድን ከ65 ኦርጋኖይዶች የ83 ሺህ ያህል ነጠላ ህዋሶችን የዘረመል እንቅስቃሴ ለካ። እያንዳንዱ ህዋስ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮች ያሉት አንድ ረድፍ ሆነ፤ ኮምፒውተሩም የሚመሳሰሉትን ረድፎች በየቡድኑ አሰባሰበ። ከ10 እስከ 20 ከመቶ የሚሆኑት ህዋሶች ጭራሽ የኩላሊት አልነበሩም። ብዙዎቹ ነርቭ መሰል ነበሩ። በማይክሮስኮፕ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ ያልፉ ነበር።

ከዚያ የመጣው ይበልጥ ይገርማል። ነርቭ መሰሎቹ ህዋሶች የትኛውን የእድገት መልእክት እየተቀበሉ እንደሚያድጉ ከዚያው ሠንጠረዥ ተነበበ፤ መልእክቱን የሚዘጋ መድኃኒት ሲጨመር ነርቭ መሰሎቹ በ90 ከመቶ ቀነሱ፣ የኩላሊቶቹ ህዋሶች ሳይነኩ። እንዲህ ያሉ ሠንጠረዦች ብዙ ጊዜ በነፃ የመረጃ ቋቶች ውስጥ ይቀመጣሉ። ግንደ ህዋስ ማሳደጊያ ክፍል የሌለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ተማሪም አንድ ላፕቶፕና ታጋሽ ኢንተርኔት ካለው ሊያነብባቸው ይችላል።

አሁን ለምን ያገለግላል

ኦርጋኖይድ ወደ ታካሚ ባይገባም መድኃኒትና በሽታ ለመፈተን ያገለግላል። በሆስፒታሎቻችን የተለመደው ጸረ ባክቴሪያ ጄንታማይሲንና የካንሰር መድኃኒቱ ሲስፕላቲን የኔፍሮን ቱቦን ሊጎዱ እንደሚችሉ ከታወቀ ቆይቷል። የፍሪድማን ቡድን በ2015 ሁለቱንም በኦርጋኖይድ ላይ ሲሞክር ጉዳቱ ታየ። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት ሰው ሳይወስደው በፊት ኩላሊት ላይ የሚያደርሰውን መፈተን ይቻላል።

ያው ቡድን ክሪስፐር በተባለው የዘረመል መቁረጫ ፒኬዲ1 እና ፒኬዲ2 የተባሉትን ዘረመሎች አበላሸ። የእነዚህ ዘረመሎች ጉድለት ኩላሊትን በፈሳሽ በተሞሉ ከረጢቶች የሚሞላ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል። ኦርጋኖይዶቹም ከረጢት አበጁ። በ2017 እንደታየው ኦርጋኖይዶቹ ከተጣበቁበት ሳህን ተላቅቀው በፈሳሽ ውስጥ እንዲንሳፈፉ ሲደረግ ከረጢቶቹ እጅግ በዙ። ዘረመሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ህዋሱ የሚነካው ነገር ነው። በ2020 ደግሞ የኮሮና ቫይረስ የኩላሊት ህዋስን በቀጥታ እንደሚያጠቃ በኦርጋኖይድ ላይ ተረጋግጧል፤ በዚያ ሥራ የሞንሰራት ቡድንም ተሳትፏል።

ከኢትዮጵያ አንጻር

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተካሄደው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ማዕከሉ የተቋቋመው ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው ኩላሊታቸውን ለዘመዳቸው በሚሰጡ ሕያው ለጋሾች ነው። ከዚያ በፊት ንቅለ ተከላ የፈለገ ሰው ገንዘብ አሰባስቦ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ከይርጋጨፌ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር ያህል ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ እጥበት የታዘዘለት ሰው እጥበት ካለበት ከተማ ርቆ መኖር አይችልም፤ ቡናውንና እንሰቱን ለሌላ ሰው ትቶ ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል። የሚስማማ ዘመድ ያላገኘ ደግሞ ወረፋ እንኳ የለውም። ኦርጋኖይድ ይህን ዛሬ አይፈታም፤ በማኅበራዊ ሚዲያ «ኩላሊት በላብራቶሪ ተሠራ» የሚል ዜና አይቶ ሕክምናውን የሚያዘገይ ሰው ቢኖር ጉዳቱ የራሱ ነው።

ከኢትዮጵያውያን ዘረመል ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አንድ ጥያቄ ግን አለ። አፖኤል1 የተባለው ዘረመል የሚሠራው ፕሮቲን የእንቅልፍ በሽታ ከሚያመጡት ተውሳኮች ወገን ይገድላል። በምዕራብ አፍሪካ የተስፋፉ ሁለት የተለወጡ ቅጂዎቹ፣ የተለመደው ፕሮቲን የማይገድላቸውን ተውሳኮች ጭምር ለመቋቋም ይረዳሉ። ዋጋው ከባድ ነው፦ ከአባትም ከእናትም ሁለቱንም አደገኛ ቅጂ የወረሰ ሰው ለኩላሊት መድከም በጣም የተጋለጠ ይሆናል፤ ይህም በ2010 ታወቀ። በኤችአይቪ የተያዘ ከሆነ አደጋው ይበልጥ ይጨምራል። በምዕራብ አፍሪካውያንና በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የሚታየው ከኤችአይቪ ጋር የተያያዘ የኩላሊት በሽታ በኢትዮጵያውያን ላይ አለመታየቱ ግን ሐኪሞችን ሲያስገርም ቆይቶ ነበር። ዶሮን ቤሃር፣ ካርል ስኮሬኪና ባልደረቦቻቸው በ2011 ባሳተሙት ጥናት አደገኛዎቹን ቅጂዎች በመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን ዘንድ አላገኙም።

ቅጂዎቹ ኩላሊትን እንዴት እንደሚያበላሹ ለማየት ኦርጋኖይድ ምቹ ሆኗል፤ አይጥ ይህ ዘረመል ስለሌለው በተለመደው የአይጥ ሙከራ ጥያቄውን መመለስ ይከብዳል። ተመራማሪዎች በ2020 በአንድ ሰው ግንደ ህዋስ ውስጥ አፖኤል1ን በክሪስፐር ለውጠው፣ ከተለወጠውም ካልተለወጠውም ህዋስ ኦርጋኖይድ አሳደጉ። ሁለቱ በዚያች አንዲት ዘረመል ብቻ ይለያያሉ። በጸጥታ ሲቀመጡ ዘረመሏ ብዙም አትሠራም። ሰውነት ቫይረስ ሲገባበት የሚያመነጨው ኢንተርፌሮን ጋማ ሲጨመር ነው የምትነሳው።